ሁለት ሩቅ አገር፣ ስምንት ቀን ፈቃድ

(በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል እንዳለ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ንግግራችን ስለ እድር መዋጮም ስለ ውሃ ቦኖም አይደለም፤ ሁላችሁም እንደምታውቁት ስለ ጉዞው ነው። ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተነጋግረንበት፣ ሁለቱን ጊዜ ተቆጥተን የተለያየንበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ያሰበውን በጽሑፍ አድርጎ ማቅረቡ ይሻላል ብለናል።

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፣ የጉዞ ሣጥናችን የተከፈተው አባላት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች በአንድነት ሄደው አንድ ሩቅ አገር አይተው እንዲመለሱና ያዩትን ለቀረነው እንዲያወሩልን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል ያልነው ገንዘብ ዛሬ ለስድስት ሰው ቢበቃ ነው። ስለዚህ «ለሚመጣው ዓመት እናቆየው» የሚለውን ሐሳብ ኮሚቴው አልተቀበለውም። ብሩ በሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ አይጠፋም እንጂ ማነሱ አይቀርም።

የቀረቡት አገሮች ሁለት ናቸው፤ ኢየሩሳሌምና ሞምባሳ። ሦስተኛ ሐሳብም ነበር። አንዳንዶቻችሁ «ጎርጎራ እዚህ እግራችን ሥር እያለ፣ ሰው ከውጭ አገር ሳይቀር ሊያየው እየመጣ፣ እኛ ምን ልንፈልግ ነው ባሕር ማዶ የምንሄደው?» ብላችኋል። አነጋገሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጎርጎራ ለእኛ የቅዳሜ ገበያ ያህል ቅርብ ነው፤ ማንም በፈለገው ቀን ደርሶት ይመለሳል። የሣጥኑ ደንብ ሩቅ አገር ይላልና እሱን እዚህ ላይ እንተወው።

አሁን ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ። ይህችን ከተማ ማየት የማይመኝ የደንቢያ ሰው የለም። ከጥንት ጀምሮ አባቶቻችን በእግርና በመርከብ እየሄዱ ብዙዎቹም እዚያው ቀርተዋል። በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚገኘው ዴር ሡልጣን እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ መነኮሳት በትንንሽ ጎጆዎች የሚኖሩበት ገዳም ነው። ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ያለው የይዞታ ክርክር ዘመናት ያስቆጠረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሰሞን ቁልፉ በእኛ አባቶች እጅ ከገባ በኋላም አልተቋጨም። ከከተማው ቅጥር ውጭ ደግሞ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ጊዜ የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቆመበትም መንገድ በኢትዮጵያ ስም ይጠራል። የእስልምና እምነት ተከታይ ጎረቤቶቻችንም በዚያው ከተማ አል አቅሳ መስጊድ መኖሩን አንስተዋል። ይህም ተገቢ ነው።

ነገር ግን ኢየሩሳሌም ለእኛ ለደንቢያዎች ሌላም ትርጉም አላት። ሽማግሌዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ ማረሻችንን የሚያበጁልን፣ ጋንና እንስራ የምንገዛቸው ቤተ እስራኤሎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው ከዚያ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በመንገድ የቀሩትም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ተጓጓዙ። አንዲት እናታችን ባለፈው ስብሰባ ሲናገሩ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር የሰማናቸው። «የልጅነት ጓደኛዬ እዚያ ናት፤ ከሄደች ወዲህ ድምፅዋን በስልክ እሰማለሁ፤ ፊትዋን ግን አላየሁም» ነው ያሉት። እንዲህ ያለው ነገር በኮሚቴ ሒሳብ የሚለካ አይደለም።

ሞምባሳን ያቀረቡት ደግሞ በአብዛኛው መምህራንና ወጣቶች ናቸው። ምክንያታቸው አጭር ነው፤ ባሕር ማየት። እዚህ ላይ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ እኛ ጣናን ባሕር ብለን ነው የምንጠራው፤ ከተማዋንም ባሕር ዳር ብለናታል። ይሁን እንጂ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ሞምባሳ ላይ ያ «የባሕር ወለል» የሚባለው ራሱ እግር ሥር ነው ያለው። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ ውቅያኖሱ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጠዋት ልጆች ኳስ የተጫወቱበትን አሸዋ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይሸፍነዋል። ከመጽሐፍ ብቻ ያስተማረ የጂኦግራፊ መምህር ይህን በዓይኑ ለማየት ቢጓጓ አይፈረድበትም። አገራችን ወደብ ካጣች ወዲህ የተወለደ ልጅማ ጨዋማ ውሃ የት ይቀምሳል?

ደግሞም ሞምባሳ ከእኛ ታሪክ የራቀች አይደለችም። በወደቧ ላይ ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፤ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 ጀምሮ የሠሩት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ወደ ሕንድ ሲያልፍ ሞምባሳ ደርሶ ነበር። ልጁ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ እኛ አገር ገባ፤ በዓመቱም ከኢማም አህመድ ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ ተገደለ። እነሱን ተከትለው ከመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን አንዱ እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚሁ ጎርጎራ ነው። ጎርጎራ የሚገኘውን የእነሱን ፍርስራሽ ያየ ሰው ምሽጉን ሲያይ ብዙ ነገር ይገጥምለታል።

አንድ ነገር እንጨምር። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳአ ሞጃ» ብሎ አንድ ሰዓት ሲል፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሆነ ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ ሰባት የሚሆነው። በሩቅ አገር ሰዓት ጠይቆ የገዛ ሰዓትን መስማት ቀላል ደስታ አይደለም!

እሺ፣ እንግዲህ ወደ ቀኑ ቆጠራ። የአብዛኞቻችን ፈቃድ ስምንት ቀን ነው። ከቆላ ድባ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ አንድ ቀን ይሄዳል፤ መንገዱም ሰላም መሆን አለበት። ሲመለሱም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ገና ከአገር ሳንወጣ ከስምንቱ ሁለቱ አልቀዋል። አንዳንዶች ወደ ኬንያ በአውቶቡስ በሞያሌ በኩል እንሂድ ብለዋል፤ አስፋልቱ ጥሩ መሆኑን ሰምተናል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሞምባሳ ለመድረስ በመኪና ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስምንቱም ቀን በወንበር ላይ ያልቃል፤ እንደ ደረሱ መመለስ ነው። አዲስ አበባ ናይሮቢ ግን በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። በዚህ መንገድ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን በባሕሩ ዳር ይተርፋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን መያዝ አለበት።

የኢየሩሳሌሙ ቆጠራ ከዚህ ይለያል። ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ በረራው አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህ ከባድ አይደለም። ከባዱ ሌላ ነው። ቪዛ አዲስ አበባ ቀርቦ ይጠየቃል፤ ይሰጥ አይሰጥ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ከስድስቱ ሁለቱ ቢከለከሉ የቀሩት ምን ያደርጋሉ? በዚያ አገር ከመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት አየር መንገዶች በረራቸውን በተለያየ ጊዜ ሲያቋርጡና ሲቀጥሉ ቆይተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቶቻችን የሚፈልጉት ሰሞነ ሕማማትን እዚያ ማሳለፍ ነው። ከሆሳዕና እስከ ትንሣኤ ቢቆጠር ራሱ ስምንት ቀን ነው፤ መንገዱን የት እናስገባው? ተሳላሚ በጾምና በስግደት ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፤ በማግሥቱ ዮርዳኖስ፣ በሦስተኛው ቀን ቤተ ልሔም ይባላል። ይህ ስለት ነው፣ ዕረፍት አይደለም። በሰባ ዓመት ዕድሜ ያለ ሰው በጥድፊያ ወስዶ በጥድፊያ መመለስ ለእኛ ለአዘጋጆቹም የሚያሳፍር ይሆናል።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዚህ ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እህሉ ከገባና የትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ዕረፍት ከደረሰ፣ ስድስቱ ሰዎች ሞምባሳ ይሂዱ። ለኢየሩሳሌም ለብቻው ሌላ ሣጥን ይከፈት፤ ጉዞውም ከአሥራ አምስት ቀን እንዳያንስ ይወሰን። ለእሱ ዕጣ አይጣል፤ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይሁን። በሞምባሳው ዕጣ የደረሰው አዛውንት ተራውን ለልጁ ወይም ለልጅ ልጁ ሰጥቶ እሱ በኢየሩሳሌሙ ሣጥን ከፊት እንዲመዘገብ እንፈቅዳለን።

ይህን ሐሳብ ለሽማግሌዎች አስቀድመን አማክረናቸው ነበር። አብዛኞቹ ተስማምተዋል። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው እናታችን ግን አልተስማሙም። «ልጆቼ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም፤ እኔ ግን አሥራ አምስት ቀኑ እስኪሞላላችሁ ድረስ የምቆይ ይመስላችኋል?» አሉን። እኛም የሚመልስ አፍ አልነበረንም። ይህን የምንነግራችሁ ድምፅ ስትሰጡ እሳቸው ያሉትንም አስባችሁ እንድትሰጡ ነው። ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይወስንም፤ ስብሰባው የእሳቸውን ቢያጸና በሙሉ ልብ እንሠራበታለን፤ የቪዛውንም ደጅ እኛው እንጠናለን።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በዚሁ አዳራሽ ነው። መምጣት ያልቻለ ድምፁን በቤተሰቡ በኩል በወረቀት ጽፎ ይላክ። ማንኛውም አባል ፓስፖርት ካለው ቀኑን አሁኑኑ ይመልከት፤ ከስድስት ወር በታች የቀረው ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለው እስከ ዓርብ ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ክትባቱን የሚፈልግም ስሙን አብሮ ይስጥ። የዚህ ወር መዋጮ ያልከፈላችሁም አላችሁ፤ እሱንም አትርሱ።