የመማሪያ ክፍሉን ማን ያሠራዋል?

ተራኪ፦ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኙት የዙሪያ ከተሞች፣ ማለትም በዘጌ፣ በመሸንቲ፣ በዘንዘልማና በጢስ ዓባይ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕንፃ የሚታደሰው ከአንድ ካዝና በሚወጣ ገንዘብ አይደለም። የመንግሥት በጀት ለሁለት ይከፈላል፤ ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚውለው መደበኛ በጀት፣ ለግንባታ የሚመደበው ደግሞ ካፒታል በጀት ይባላል፤ ከመደበኛው አብዛኛውን የመምህራን ደመወዝ ስለሚወስደው፣ ለሚያፈስ ጣሪያና ለተሰነጠቀ ወለል የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ ጉድለቱ በክፍያ ሳይሆን በመዋጮ ሲሸፈን ቆይቷል። መዋጮ በስሙ የፈቃድ ስጦታ ነው፤ ልጁን ሊያስመዘግብ የቆመ ወላጅ ግን እምቢ ለማለት ምን ያህል ነፃ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ዋና ጽሕፈት ቤቱ በባሕር ዳር የሆነው የአማራ ልማት ማኅበር፣ በአጭሩ አልማ፣ ከአባላቱ በሚሰበስበው መዋጮ የመማሪያ ክፍሎችን ይገነባል። በአሜሪካ የከተማ ዳርቻዎች ትምህርት ቤቶች ለግንባታ ቦንድ፣ ይኸውም ነዋሪው በድምፁ አጽድቆ በንብረት ግብር ለዓመታት የሚከፍለው ብድር፣ ሲጠቀሙ፣ በጣና ዳርቻ ግን ገንዘብ የሌለው ነዋሪ ድርሻውን በድንጋይ፣ በአሸዋ፣ በባሕር ዛፍ አጠናና በጉልበቱ ያዋጣል፤ ይህም አስተዋፅኦ በብር ካልተተመነ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።