ልጆቻችን በዚህ መንፈቅ ምን ይማራሉ?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ አንደኛ ክፍል ልጆቻችን ነው።

በዚህ መንፈቅ ዋናው ትምህርታቸው ፊደልና ቁጥር ነው። ቁጥሩን በቆርኪና በስንጥር እየደመሩ ይለምዱታል። ፊደሉ ግን 33 ሆኖ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 መልክ ስላለው 231 ይሆናል። ለትንሽ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ሲያንበለብለው ያወቀ ይመስለናል። ከመሐል «ኘ»ን ስናሳየው ግን «ነ» ይላል፤ «ቸ»ን «ተ» ይላል። ይህ በቃል መያዝ እንጂ ማንበብ አይደለም። እንዲሁ ሳይታወቅበት ሦስተኛ ክፍል ከደረሰ መጽሐፉ ሁሉ ይጨልምበታል፤ ኋላም ትምህርት ጠላሁ ይላል።

ስለዚህ ማታ ማታ 10 ደቂቃ ብቻ ገበታውን ዘርግተን፣ ከመሐልም ከዳርም እያዘበራረቅን እንጠይቃቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠራችሁ እናቶች፣ ዛሬ ለልጅ ልጆቻችሁ መምህር ናችሁ። ያልተማረም ሰው ቢኖር አይፈር፤ ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ የጎረቤት ልጅ ይጥራ። የማኅበሩም ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ገበታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

አደራ፣ ልጅ ተሳሳተ ተብሎ አይመታ፣ አይሰደብ። የፈራ ልጅ የሚያውቀውም ይጠፋዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ