የቦይ ቆሻሻና መድኃኒት የማይበግረው ጀርም
(ለሶፊ ነዋሪዎች የተሰጠ ንግግር)



«ክኒኑም መርፌውም አልሠራልኝ አለ፤ ገላዬ ለምዶት ነው» ሲባል እንሰማለን። ዳሩ ግን መድኃኒቱን የሚለምደው የሰው ገላ ሳይሆን ባክቴሪያ የሚባለው ጀርም ነው። የሚለምደውም በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቆሸሸ ወንዝና ቦይ ውስጥም ጭምር ነው።

የአዲስ አበባዎቹን ትንሹንና ትልቁን አቃቂ እንውሰድ። የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ ይመጣል። በዚያው ውሃ ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል።

እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ደካማው ጀርም በብረቱ መርዝ ያልቃል፤ የሚተርፈው ዘዴ ያለው ነው። አንዳንዱ፣ ጎርፍ የገባበት ሰው ውሃውን በጣሳ እየቀዳ እንደሚደፋ ሁሉ፣ መርዙን ከውስጡ እየቀዳ ያወጣል። በዚሁ ዘዴ አንቲባዮቲኩንም የሚያወጣ አለ። ሌላው ደግሞ ፕላስሚድ የሚባል ትንሽ የዘር ቀለበት ይይዛል። ብረትንና መድኃኒትን የመቋቋሚያው ኃይል፣ ባንድ ገመድ እንደታሰሩ ሁለት ቁልፎች፣ በቀለበቱ ላይ አብሮ ሊገኝ ይችላል። ጀርሙ ለብረቱ ብሎ አንዱን ሲይዝ ሌላውም ይከተላል። ይባስ ብሎ ቀለበቱን ለጎረቤቱ ጀርም ያካፍላል። ብረት ደግሞ አይበሰብስም። ስለዚህ መድኃኒት በሌለበት አፈር እንኳ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ሊራባ ይችላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል።

ታዲያ እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የመኪና ባትሪና የተቃጠለ ዘይት ቦይና ወንዝ ውስጥ አንጣል።

ሁለተኛ፣ የተረፈ ክኒን ለጎረቤት አንስጥ፤ ካፕሱል ፈልቅቀን ቁስል ላይ አንነስንስ። የታዘዘልንንም ተሻለኝ ብለን አናቋርጥ።

ሦስተኛ፣ ለሐረር ገበያም ሆነ ለቤታችን የምናወጣውን አትክልት በቦይ ውሃ አንጠብ። ውሃ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ብረቱን አያስወግድም።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቦዩን ብንጠብቅ ነገ ልጆቻችን ሲታመሙ መድኃኒቱ ይሠራላቸዋል።