ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንዘጋጅ?

እርሳስና ደብተራችሁን ያዙ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው።

ቃለ መጠይቅ ማለት ቀጣሪው ሥራ ፈላጊውን ፊት ለፊት አነጋግሮ የሚመዝንበት ነው። መርካቶ ውስጥ ብዙ ሥራ በሰው በሰው ይገኛል። አንዱ ነጋዴ ለሌላው «ታማኝ ልጅ አለች» ይላል፤ በማግሥቱ ሥራ ይጀመራል። ፋብሪካውና ትልቁ ድርጅት ግን ጥበቃና ጽዳት ሲቀጥሩ እንኳ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ፤ ቅጽ ያስሞላሉ፤ ይጠይቃሉ። ጉልበትና ታማኝነት ያለው ሰው፣ ፊደል ባለማወቁ ብቻ ከበር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። እንግዲህ ተጠቀሙበት።

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ። «የሥራ መደብ» ማለት የሥራው ዓይነት ነው። «ደመወዝ በስምምነት» ከተባለ፣ ደመወዙ ገና አልተቆረጠም፤ ተነጋግራችሁ ትወስናላችሁ ማለት ነው። «ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል ካለ ቀኑን በጣታችሁ ቁጠሩ። ቀኑ ካለፈ ማንም አይመዘግባችሁም። «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ከተባለ ደግሞ፣ ዋናውን ወረቀት አሳይታችሁ ትመልሳላችሁ፤ ኮፒው እዚያው ይቀራል። ዋናውን ለማንም ትታችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛ፣ ወረቀታችሁን ከዋዜማው አሰናዱ። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት፣ ሁሉንም በአንድ ማኅደር አድርጉ። የሥራ ልምድ የላችሁም? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪ ለሠራተኛው የሠራውን ሥራ፣ የሠራበትን ዘመንና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ጠይቁ። ገንዘብ ለሚይዝ ወይም ዕቃ ለሚረከብ ሥራ ተያዥ ይፈለጋል። ተያዥ የሚሆናችሁን ዘመድ ወይም ወዳጅ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለም?

ሦስተኛ፣ ቦታውን አንድ ቀን ቀድማችሁ እዩ። መርካቶ ውስጥ ተራውን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁንና የክፍሉን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ። ጋሪው፣ ተሸካሚውና መኪናው መንገድ ይዘጋሉና በጊዜ ከቤት ውጡ። ልብስ ንጹሕ ይሁን፤ አዲስ መሆን የለበትም።

አራተኛ፣ መልሳችሁን አስቡበት። «ከዚህ በፊት ምን ሠርተዋል?» ሲባሉ ብዙዎች «ምንም» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ጉሊት የነገደች እናት እንዲህ ልትል ትችላለች፤ «ለ6 ዓመት ቃሪያና ሽንኩርት ሸጫለሁ። ዕቃ በዱቤ እየተቀበልኩ በቀኑ እከፍል ነበር።» ይህ የሒሳብና የታማኝነት ማስረጃ ነው።

«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» ለሚለው ጥያቄ አትፈሩ፤ አትዋሹም። «በጎልማሶች ትምህርት ተምሬአለሁ። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ያነበብኩትንም እረዳለሁ» በሉ። በጉልምስና ተምሮ ማንበብ ነውር አይደለም፤ ያኮራል። አንብበናል ብሎ መዋሸት ግን ቅጹ ሲመጣ ይጋለጣል።

በመጋዘን ሥራ «12 ካርቶን ሳሙና ገባ፤ በእያንዳንዱ 24 ሳሙና አለ፤ ስንት ሆነ?» ሊባል ይችላል። እስቲ ሥሩት። 10 ጊዜ 24፣ 240 ነው። 2 ጊዜ 24፣ 48 ነው። ድምሩ 288 ይሆናል። ወረቀትና እርሳስ መጠየቅም ይቻላል።

አምስተኛና ዋናው፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ ብዙ እናቶችና አባቶች ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። ነገር ግን ሳያነቡ የጻፉት ስም ከአሻራ አይሻልም። ውሉ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፤ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የሥራው ሰዓት፣ የሙከራው ጊዜ። በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ቀጣሪው «ቶሎ ፈርሚ» ቢል እንኳ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንብቤ ልፈርም» ማለት ድፍረት አይደለም። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ከመቀጠራችሁ በፊት «ለምዝገባ ገንዘብ አምጡ» የሚል ሰው ቢመጣ ግን፣ ከኪሳችሁ ሳንቲም አታውጡ።

አሁን ደብተራችሁን ግለጡና እነዚህን አራት መስመሮች ሙሉ፦

ሙሉ ስም ከነአያት …………
ክፍለ ከተማና ወረዳ …………
የሠራሁት ሥራና ዘመኑ …………
ፊርማ …………

ማታ ማታ እየደጋገማችሁ ጻፉት። ጎረቤታችሁን ወይም ልጃችሁን ቀጣሪ አድርጋችሁ ጥያቄውን ይጠይቋችሁ፤ እናንተም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መልሱ። በሩ ላይ ስትደርሱ ቃሉ አዲስ አይሆንባችሁም።

ለዛሬ በዚህ እናበቃለን። መልካም የሥራ ዕድል ይግጠማችሁ። ጤና ይስጥልን።