ከኢንዶስኮፒ ክፍሉ በር ጀርባ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በነርስ አባላችን የተደረገ ንግግር)



«እኛ ወረፋ ይዘን ስንቀመጥ ነርሶቹ በር ዘግተው ምን ይሠራሉ?» ትሉኛላችሁ። ቱቦ እናጥባለን። ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፤ በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ያሳያል። ምርመራው ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ነገር ግን ከአንዷ የወጣ ቱቦ ወደ ሌላዋ ከመግባቱ በፊት በሳሙና ይታጠባል፣ ውስጡ በብሩሽ ይጸዳል፣ ተሕዋስያንን በሚገድል መድኃኒት ይዘፈዘፋል፣ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ይህ ከምርመራው ይረዝማል። ቱቦው አንድ ወይም ሁለት ብቻ በሆነበት የመንግሥት ሆስፒታል በቀን ስንት ሰው እንደሚታይ እናንተው አስሉት። እጥበቱን አሳጥሩ የሚሉን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጨጓራዋን ልትታይ መጥታ የሌላ ሰው በሽታ ይዛ የምትመለስ ሴት ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ ወረፋው ለምትቸኩለው ይድረስ። ቃር ያስቸገራት ወጣት ሁሉ ቱቦ አያስፈልጋትም። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል፤ ብቻ ሻል ሲላችሁ አታቋርጡት።

ምግብ ስትውጥ ደረቷ ላይ የሚይዛት ግን አትቆይ። መጀመሪያ እንጀራው ይይዛል፣ ቀጥሎ ሾርባው፣ በመጨረሻ ውሃው። «ጨጓራዬ ነው» እያለች ከርማ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት የምትመጣው ብዙ ናት። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ። ደም ያስታወከች ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። ለጉልበታችሁና ለወገባችሁ ዲክሎፌናክ እየገዛችሁ የምትውጡ፣ ጨጓራን አቁስሎ ሊያደማ ስለሚችል ይህን በተለይ ለእናንተ እላለሁ።

ለጠዋት ቀጠሮ ከማታ ጀምሮ ምንም አይበላም። «ቡና ብቻ ነው የቀመስኩት» አትበሉኝ፤ ቡናም ያስመልሳል። ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ ማቅለሽለሹ አይቀርም፤ በዝግታ መተንፈስ ይረዳል። አፍ ላይ የምናደርገውን ፕላስቲክ አትትፉት፤ ቱቦው ተነክሶ ከተበላሸ ከኋላችሁ ያለው ወረፋ ሁሉ ይቆማል።

አንድ ሐሳብ አለኝ። የሚያስተኛ መርፌ የተወጋች ብቻዋን ወደ ቤቷ መሄድ የለባትም። ለኀዘን ቤት ሰው እንደምንመድብ ሁሉ ለምርመራ የምትሄድ አባላችንም አብራት የምትሄድ እህት ትመደብላት። ናሙና ከተወሰደ ውጤቱ ቀናት ይቆያል፤ ሳይወሰድ የሚቀር ውጤትም አለ። ቀኑን አስታውሳ አብራት ተመልሳ የምትሄደውም ያችው እህት ትሁን።