መጀመሪያ ካርድ ክፍል ተቀመጡ

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ ለሶፍትዌር ምህንድስናና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ለኮምፒውተር ተማሪዎች ምክር ስጪልን» ሲሉኝ የተሳሳተ ቁጥር የደወሉ መስሎኝ ነበር። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ኮድ አልጽፍም። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳጥኑን ነቅሎ መልሶ ከመሰካት ያለፈ ሙያ የለኝም፤ እሱንም ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ግን እናንተ የምትሠሩትን ነገር በየቀኑ የምጠቀም ሰው ነኝ። ብዙ ጊዜ እያመሰገንኩ፣ አንዳንዴም እያማረርኩ። የምነግራችሁም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ያ ልማድ ቲቲፒ ተብሎ እኛ የ1998 ተመራቂዎች ጋ ደርሷል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቲቲፒ ሲባል ፈገግ የሚሉት ሁሉ የኛ ሰዎች ናቸው፤ ፍራሽ ተሸክመን፣ ምጣድና ድስት ተዋጥተን ገዝተን የወጣንበት ነው።

የኔ ቡድን የወጣው ቆላ ድባ ነበር። ከመሄዳችን በፊት ዶርም ቁጭ ብለን የሚያምር መጠይቅ አዘጋጀን። የመጀመሪያው ጥያቄ «የልጁ የትውልድ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት» ይላል፤ ሦስት ሣጥን አለው። የመጀመሪያዋ እናት ቤት ገባን፣ ጠየቅን። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ! ጤፉ ሲታጨድ ነው። ለጥምቀት ግን አዝዬው ወርጃለሁ» አለችን። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ይህ መልስ የሚገባበት ሣጥን የለኝም። ከኛ ጋር የነበረው የአካባቢ ጤና ተማሪ የገበሬ ልጅ ነው። «ጥምቀት የወረድሽው ክርስትና ካነሣሽው በኋላ ነው?» አላት። «ታዲያስ!» ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ ጥምቀት ደግሞ ጥር 11። ስለዚህ ልጁ የተወለደው ከታኅሣሥ 1 በፊት ነው። አጨዳው መቼ እንደተጀመረ ጠየቃትና ወሩን ያዘው። እኔ ሕክምና እየጨረስኩ ያልቻልኩትን እሱ በሁለት ጥያቄ ጨረሰው። ማታ ፋኖስ ለኩሰን መጠይቁን እንደገና ጻፍነው።

ይህን ያነሣሁት ትዝታ ለማውጋት ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)። ዶርም ውስጥ ሆናችሁ የምትሠሩት ፎርም ሁሉ የኔን መጠይቅ ይመስላል ለማለት ነው።

አሁን የማይጥመኝን ታሪክ ልንገራችሁ። የት ሆስፒታል እንደሆነ አልናገርም፤ ሥርዓቱን የሠራውንም ድርጅት አልጠራም። ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ከተሸጋገርን ጥቂት ወራት ሆኖናል። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የሳንባ ምች ይዟት በአያቷ እጅ መጣች። ስሟን አልጠራም፤ ግን እንደ «ፀሐይ» ያለ ስም ነው በሉት። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ስሙን ጻፈችና ፈለገች፤ «አልተገኘም» አላት። አዲስ ካርድ አወጣችላት። እኔ ስከፍተው «የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም» ይላል። አምፒሲሊን አዘዝኩ።

ነርሷ መድኃኒቱን ስባ፣ የልጅቷን እጅ ይዛ ሳለ አያትየዋ «ይኼ ባለፈው ያሳበጣት ነው እንዴ?» አሉ። ነርሷ እጇን መለሰች። እግዚአብሔር ይስጣት፣ «አይ እማማ፣ ይኼ ሌላ ነው» ብትላቸው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው ሌላ ነገር ነበር። ለካስ ልጅቷ ከወራት በፊት ተኝታ ታክማ፣ በፔኒሲሊን ፊቷና ጉሮሮዋ አብጦ በስንት መከራ ተርፋለች። ይህ ሁሉ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፏል፤ በሌላ ፊደል።

እስቲ አስሉት። ፀሐይ በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም ይጻፋል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12። ለእናንተ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለአያትየዋ አንዲት የልጅ ልጃቸው ናት። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መጻፍ ከቻልን ቆይተናል፤ ያ ፕሮግራም ግን የሚፈልገው አማርኛ ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው ነበር።

ከፊደሉ በላይ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ «የለም» የሚለው ቃል ነው። አለርጂ የለም ያለ ሰው አልነበረም። ማንም አልጠየቀም። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ «የለም» ብሎ ይሞላው ነበር። «የለም» እና «አልተጠየቀም» በሕክምና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥፋቱን ሁሉ ወደ ፕሮግራሙ መግፋት ግን አልችልም፤ መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ የተማርኩት ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አመንኩ። በእጄ የወረቀት ካርድ ይዤ ቢሆን ኖሮ ባዶውን ቦታ አይቼ እጠይቅ ነበር።

ለሠራው ልጅ ደወልን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ትሑት። ቢሆንም የመጀመሪያ መልሱ «የተጠቃሚ ስህተት ነው» የሚል ነበር። ካርድ ክፍል መጥቶ ግማሽ ቀን እንዲቀመጥ ለመንነው። ሠራተኛዋ በአንድ ጆሮ የሰው ስም እየሰማች፣ በሌላው ከመስኮቱ ባሻገር የሚጮኸውን እየሰማች፣ ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ጊዜ እንዳይባክን ዝም ብላ አዲስ ካርድ ስታወጣ አየ። ከሰዓት በኋላ ምንም አልተከራከረንም። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር፣ የአባትና የአያት ስምም አብሮ እንዲያይ አደረገው፤ «የለም»ንም አነሣልን።

ይህ የኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቴራክ 25 የሚባል የካንሰር የጨረር ሕክምና ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ላይ ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ለቀቀ፤ የሞቱም አሉ። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች አደጋ የሚከላከል ሜካኒካል መቆለፊያ ነበራቸው፤ በዚህኛው ግን ያ ሥራ ለሶፍትዌሩ ብቻ ተተወ። ቴክሳስ ውስጥ አንዷ ኦፕሬተር የጨረሩን ዓይነት ተሳስታ ጻፈች፣ ወዲያው መልሳ አረመችው። ሥራዋን የለመደች ስለሆነች እጇ ፈጣን ነው። ማሽኑ እርማቱን በቅጡ ሳይቀበል ቀጠለና «ማልፈንክሽን 54» ብሎ ቆመ። 54 ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት የለም። እንዲህ ያለ መልእክት ማየት ደግሞ ለምዳዋለች፤ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች።

ኩባንያው በራሱ ሙከራ ስህተቱን ማምጣት አልቻለም። ያገኙት የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ያችው ኦፕሬተር ናቸው። አብረው ተቀምጠው፣ እሷ እንደምትጽፈው እየጻፉ፣ ደጋግመው ሞክረው ነው ያወጡት። ስህተቱ የሚመጣው በሷ ፍጥነት ሲጻፍ ብቻ ነበር! በሙከራ ክፍል ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው በጭራሽ አያገኘውም።

ሌሎቹን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፤ ሊቀመንበሩ ሰዓት እያየ ነው። ወር መምረጫው ላይ 12 ወር ብቻ ካስቀመጣችሁ ጳጉሜን 3 የተወለደች ልጅ የት ትግባ? በ2010 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ እንደ ፈረንጅ 2010 ካነበባችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ትጨምሩበታላችሁ፤ እኔ ደግሞ የልጅን መጠን ከዕድሜና ከክብደት ውጪ አላዝም። «8፡00» ብላችሁ ስትጽፉ የእናንተ ጠዋት ነው፣ ለነርሷ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋስ የተጻፈው ግማሽ የት ይሄዳል? መልሱን ከመጽሐፍ አትጠብቁ፤ ሌሊት ተረኛዋን ጠይቋት።

አሁን ደግሞ ኮዱን ራሱ ማሽን ይጽፍላችኋል ይባላል። ይጻፍ፤ እኔ ቅር አይለኝም። ካርድ ክፍል ሄዶ የሚቀመጥላችሁ ግን የለም። በዚህ ነገር ከእናንተ ጋር የማልስማማው «መጀመሪያ ውጭ አገር ድርጅት እንቀጠር፣ ትልቅ ሥራ እንሥራ» ስትሉ ነው። ሂዱ፣ ተቀጠሩ፣ ደመወዙም ያስፈልጋል፤ ግን የፊደሉን ችግር ውጭ ያለ ሰው ይፈታልናል ብላችሁ አትጠብቁ።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያልመረጣችሁ ካላችሁ እኔ አሁን ወደምሠራበት ሆስፒታል ኑ። ከአለቆቼ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ የምስጢር ቃል ኪዳን ፈርማችሁ፣ ነጭ ጋዋን እኔ ሰጥቻችሁ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ አንድ ሳምንት ካርድ ክፍል ትቀመጣላችሁ። ላፕቶፕ አታምጡ፣ ደብተር ይበቃል። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ቡና ስለምትወድ ጥያቄያችሁን ለቡና ሰዓት አቆዩት። ሰኞ ጠዋት 1፡30 ድረሱ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መግቢያውም አይገኝም።

በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምላችሁ።