ለአሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ዕቃ እንዴት ይፈለጋል?

(ለጋራዥ ሙያ ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ለማደስ ስትነሡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መለዋወጫው ከየት ይገኛል?» ብላችሁ ነው። ኮፈኑ ላይ በተለጠፈው ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ትደክማላችሁ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብዙውን ዕቃ ራሳቸው አይሠሩትም ነበር። መብራቱና ዲናሞው የሉካስ፣ ካርቡራተሩ የኤስ ዩ፣ ፍሬኑ የገርሊንግ ወይም የሎክሂድ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው የስሚዝስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የዕቃውን ቆሻሻ ጠርጋችሁ የሠሪውን ስምና ቁጥሩን አንብቡ።

ምሳሌ ከዚሁ አገር እንውሰድ። ሃይፋ የነበረው አውቶካርስ ኩባንያ ከእንግሊዙ ሪላያንት ጋር ሆኖ በ1961 እ.ኤ.አ. ሳብራ ስፖርት የተባለች መኪና አወጣ። የተሠራችው በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ስሟን ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሞተሯ ግን የፎርድ ኮንሰል፣ 1703 ሲ.ሲ. ነው፤ ለኮንሰል ሞተር የተሠራውን ዕቃ ፈልጉላት። ቦዲዋ ፋይበር ግላስ ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ነውና ከሥር ገብታችሁ እዩ።

ኤም ጂ ቢ ሌላ ነው። ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ስለተሠራ ዕቃው ሞልቷል። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በቀድሞዎቹ የፋብሪካ ማተሚያዎች ሙሉ ቦዲውን እንደገና መሥራት ጀምሯል። ይህ መኪና ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ከበሩ ሥር ያለው የጎን ላሜራ የመኪናውን ክብደት ከሚሸከሙት አንዱ ነው። ባለቤቱ «በስቱኮ ድፈንልኝና ቀለም ቀባልኝ» ቢላችሁ፣ ገንዘቡ ቢያጓጓም ሥራውን አትቀበሉ። ግጭት በደረሰ ጊዜ የሰው ሕይወት ነው።

ዕቃ ስታዝዙ የመኪናውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ጻፉ፤ «የ1964 ኤም ጂ ቢ» ማለት አይበቃም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተቀይሯል፤ የቀድሞው ክራንክ ሻፍት በ3 ቦታ፣ የኋለኛው በ5 ቦታ ይቀመጣል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ብሎኑና ዳዶው በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ13 ቁልፍ የገባ ይመስላል፤ ስትታገሉት ግን ዳዶውን ይልጠዋል። እስከ 1967 ድረስ ደግሞ በኤም ጂ ቢ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። እንደ ዛሬ መኪና ያሰረ ሰው ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል።

የፍሬን ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በሞተር ዘይት አትጠቡ፤ ያብጣል፣ ፍሬኑም ይይዛል። በራሱ በፍሬን ዘይት ይታጠባል። ዛሬ አዲስ የሚሠሩት የጎማ ዕቃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ጥራት የላቸውም፤ አንዳንዱ ከአሮጌው ቀድሞ ይሰነጠቃል። የታዘዘው ዕቃ ሲደርስ ከአሮጌው ጎን አስቀምጣችሁ ለኩ። አዲሱ ተገጥሞ መኪናው እስኪነዳ ድረስ አሮጌውን ስሙን ጽፋችሁ በሣጥን አቆዩት።